ኪቦርዱ ቁም ሳጥን ላይ ከመውጣቱ በፊት

ልጆቻቸው በቤት ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ በየዕለቱ እንዲለማመዱ ለሚፈልጉ ወላጆች

ይህ ታሪክ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይሆንም። ልጁ እሁድ በአምልኮ ሰዓት ዓይኑን ከኪቦርድ ተጫዋቹ ጣቶች ላይ አይነቅልም። ቤት ሲመለስ ጠረጴዛውን ይደበድባል፤ የድስት ክዳን ሁሉ ድራም ይሆናል። አባትና እናት ይመካከራሉ። ዕቁቡ የወጣ ዕለት፣ ወይም ውጭ አገር ያለችው አክስት ለዕረፍት ስትመጣ፣ ኪቦርድ ወይም ጊታር ወደ ቤት ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ልጁን ከመሣሪያው ማላቀቅ ራሱ ሥራ ነው። ከዚያ ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል። በአራተኛው ወር ከመሣሪያው ድምፅ ይልቅ «ኧረ ተለማመድ!» የሚለው የእናቱ ድምፅ ይበዛል። ዓመት ሳይሞላው ኪቦርዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል።

የባከነው ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ጉዳቱ ባልከፋ ነበር። ልጁ ግን ከዚህ ሁሉ ስለ ራሱ አንድ ነገር ይዞ ይወጣል፤ «እኔ ስጦታው የለኝም፣ የጀመርኩትንም አልጨርስም» የሚል። አባት በተቆጣ ቁጥር የኪቦርዱን ዋጋ ያነሳበታል። እናት «ተወው፣ ልጅ ነው» ትላለች፤ አባትም «ያበላሸሽው አንቺ ነሽ» ይላል። በደስታ የተገዛው ዕቃ የባልና የሚስት መጨቃጨቂያ ይሆናል። ነገሩ የሙዚቃ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብም ጉዳይ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ያቆመው ሰነፍ ሆኖ ወይም ስጦታ ጎድሎት አይደለም። እንዴት እንደሚለማመዱ ያሳየው ሰው ስላልነበረ ነው። አስተማሪው የሚያገኘው በሳምንት አንድ ቀን፣ ምናልባትም ለአንድ ሰዓት ነው። የቀሩትን ስድስት ቀናት ከመሣሪያው ጋር ብቻውን ነው። ፊደል ገና ሳይለይ መጽሐፍ ተሰጥቶት «ግባና አንብብ» ከተባለ ልጅ ምን ይለያል?

ብቻውን ሲሆን ምን ያደርጋል?

ጋሪ ማክፈርሰንና ጄምስ ሬንዊክ የተባሉ ተመራማሪዎች ጀማሪ ልጆች በቤታቸው ሲለማመዱ በቪዲዮ ተቀርጸው የታዩበትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 አውጥተው ነበር። ልጆቹ ሲጀምሩ ከ7 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው ነበሩ። ያገኙት ነገር ወላጆችን ሊያስገርም ይችላል። ልጆቹ ሲጫወቱ ከቆዩበት ጊዜ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያሳለፉት ዜማውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲያው በመጫወት ነው። የተሳሳቱበት ቦታ ላይ ቆም ብሎ፣ ያንኑ ቦታ ነጥሎ ማስተካከል የለም ማለት ይቻላል። ስሕተቱ ዛሬም ይደገማል፣ ነገም ይደገማል። እንግዲህ ጣት የሚማረው የተደጋገመለትን ነው፤ ስሕተቱን ሃምሳ ጊዜ የደጋገመ ልጅ ስሕተቱን በደንብ አጥንቶታል ማለት ነው።

ሌላው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሲሆን የተካሄደው በአሜሪካ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሮበርት ዱክና ባልደረቦቹ 17 የፒያኖ ተማሪዎች አንድን አስቸጋሪ ቁራጭ ሙዚቃ እንዲያጠኑ ሰጧቸውና በማግሥቱ አጫወቷቸው። አንደኛ የወጡት ረጅም ሰዓት የተለማመዱት አልነበሩም። ልዩነቱ የታየው ሲሳሳቱ በሚያደርጉት ነገር ላይ ነው። የተሻሉት ወዲያው ይቆማሉ፤ ያቺን ቦታ ለይተው ያወጣሉ፤ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ እስክትስተካከል ድረስ ይደጋግሟታል። ሌሎቹም ተሳስተዋል፤ ነገር ግን አልፈው ሄደዋል።

ወላጆች ሆይ፣ እዚህ ላይ ለእናንተ መልካም ዜና አለ። ይህን ለመርዳት ኖታ ማንበብ አያስፈልጋችሁም። ልጁ አጠገብ ተቀምጣችሁ «ዛሬ የቱ ቦታ ነው ያስቸገረህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ልጆች ያውቁታል፤ ወዲያው ነው የሚያሳዩት። «እስቲ እሱን ብቻ አሰማኝ» በሉት። አራት ወይም አምስት ድምፅ ብትሆን ነው። «አሁን ደግሞ ቀንድ አውጣ ሆነህ ተጫወታት» በሉት። በዝግታ መጫወት ለልጅ አሰልቺ ነውና እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ይጠቅማል።

ከዚያ አምስት ፍሬ ባቄላ በመሣሪያው በግራ በኩል አስቀምጡ። ያቺን ቦታ ሳይሳሳት በተጫወታት ቁጥር አንድ ባቄላ ወደ ቀኝ ይሻገራል። ከተሳሳተ አንዱ ወደ ግራ ይመለሳል። አምስቱም ሲሻገሩ ያቺ ቦታ ለዛሬ ተፈጽማለች። አራት ባቄላ አሻግሮ አምስተኛው ላይ ሲደርስ የልጁን ፊት ተመልከቱ፤ ትንፋሹን ይይዛል። ያን ጊዜ በትክክል እየተለማመደ ነው። ባቄላዎቹ ወደ ግራ እየተመለሱ ካስቸገሩት ፍጥነቱ በዝቷል፣ ወይም የመረጠው ክፍል ረዝሟል ማለት ነውና አሳጥሩለት። እንዲያለቅስ አታድርጉት። ይህ ሁሉ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ ግን ለአንድ ሰዓት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከመሮጥ የበለጠ ፍሬ አለው። በመጨረሻ ሙሉውን ዜማ አንድ ጊዜ ይጫወትና ይነሳ።

«እኛ እኮ ሙዚቃ አናውቅም»

ይህን የሚሉ ወላጆች ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት መሣሪያ የሚማሩ 257 ልጆችን ተመልክቶ ነበር። ብዙ ርቀት የሄዱት ልጆች ወላጆች በአብዛኛው ሙዚቀኞች ሆነው አልተገኙም። ከአስተማሪው ጋር የሚነጋገሩ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከልጁ ልምምድ የማይርቁ ወላጆች ነበሩ።

ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ (1898–1998 እ.ኤ.አ.) ከዚህም አልፎ ሄዷል። በእርሱ የማስተማር ዘዴ እናት ወይም አባት ከልጁ ጋር ክፍል ይገባሉ፤ ብዙ ጊዜም ልጁ ከመጀመሩ በፊት ወላጅ መሣሪያውን ይዞ የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች ይማራል። ልጁ እናቱ የምትጫወተውን አይቶ «ለኔም!» ይላል። የሱዙኪ ሐሳብ ቀላል ነው። ልጆች ሁሉ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን የሚናገሩት ሲሰሙት፣ ሲደጋግሙትና ሲደሰቱላቸው ነው፤ ሙዚቃም እንዲሁ ነው። አማርኛ የሚናገር ልጅ «አማርኛ ስጦታ አለው» አይባልም። ሱዙኪ ልጆች የሚያጠኑትን ዜማ በየቀኑ እንዲሰሙት ያደርግ ነበር፤ ይህ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። ልጃችሁ የሚማረውን መዝሙር ምሳ ሲሠራ ወይም ልብስ ሲታጠፍ በስልክም ቢሆን አጫውቱለት።

ለእኛ ደግሞ ከዚህ የቆየ ምሳሌ አለን። 1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 25ን ክፈቱ። ዳዊት ለቤተ መቅደሱ ዝማሬ ስለለያቸው ሰዎች ተጽፏል። ኤማን አሥራ አራት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች እንደነበሩት፣ በጸናጽልና በበገና የሚያገለግሉትም በአባታቸው እጅ ሥር እንደነበሩ ይነግረናል። የሠለጠኑት ቁጥር 288 ነበር። ብዙ ጊዜ ይህን ምዕራፍ የስም ዝርዝር ነው ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን ልጆች በአባታቸው እጅ ሥር ሆነው ሲያገለግሉ የሚያሳይ ምዕራፍ ነው፤ ሙያው በአንድ ሌሊት የወረደላቸው አልነበረም።

ሰዓቱና ቦታው

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ከመለማመድ በየቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ መለማመድ ይሻላል። ጣቶች የተማሩት ነገር ሌሊት በእንቅልፍ ጊዜ እየጸና እንደሚሄድ በጥናት ታይቷል፤ ስለዚህ ሰባት ሌሊት ከአንድ ሌሊት ይበልጣል። ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ለአሥር ዓመት ልጅ ሃያ፣ ከዚያ በላይ ላለው ሠላሳ ደቂቃ ይበቃል። እየወደደው ሲሄድ ራሱ ይጨምረዋል።

«ስትፈልግ ተለማመድ» አትበሉ፤ «ስትፈልግ» የሚባል ሰዓት አይመጣም። በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር እሰሩት። ከትምህርት ቤት ተመልሶ መክሰሱን ከበላ በኋላ፣ የቤት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያለው ጊዜ ለብዙ ልጆች ተስማሚ ነው። ከእራት በኋላ ከሆነ ልጁም ደክሟል፣ እናንተም ደክማችኋል፤ ቁጣ የሚነሳውም ያን ጊዜ ነው።

መሣሪያው በሣጥኑ ወይም በቦርሳው ውስጥ ተዘግቶ አይቀመጥ። ከቦርሳ ማውጣት፣ ሶኬት መፈለግ፣ ጠረጴዛ ማጽዳት ለልጅ ትልቅ ተራራ ነው። ኪቦርዱ በመቆሚያው ላይ፣ ጊታሩ ልጁ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ይሁን። ቴሌቪዥኑ በዚያ ሰዓት ይዘጋ፤ አባት ዜና እያየ ልጁ ማዶ ሆኖ እንዲለማመድ መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም። በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ስለ ጎረቤት ትጨነቃላችሁ፤ ልክ ናችሁ። የጆሮ ማዳመጫ መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን እናንተም ስለማትሰሙ ልጁ ተመልሶ ብቻውን ይቀራል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የጎረቤትን በር አንኳኩቶ «ልጃችን በዚህ ሰዓት ለሃያ ደቂቃ ይለማመዳል» ማለት የተሻለ ነው። ብዙ ጎረቤት እንዲያውም ደስ ይለዋል።

መብራት ሲጠፋስ? በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁም ሰዓቱ አይታለፍ። ልጁ ዜማውን በአፉ እያዜመ ጣቶቹን ድምፅ በሌለው ኪቦርድ ላይ ያንቀሳቅስ፤ ምቱን ያጨብጭብ። ይህ ጊዜ ማሳለፊያ እንዳይመስላችሁ፤ ዜማውን ሳይሰማ መዝፈን የቻለ ልጅ ዜማውን በውስጡ ይዞታል።

መብራት ካነሳን አይቀር፣ ክራር መብራት አያስፈልገውም። ሁላችንም ለምን ወደ ኪቦርድ እንደምንሮጥ ይገባኛል፤ ልጆቹ በቤተ ክርስቲያን የሚያዩት እርሱን ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን ለጎን ይሰጣሉ። አምስት ወይም ስድስት ክር ያለው ክራር ለትንሽ እጅ ይመቻል፤ በቅኝቱ ከተቃኘ በኋላ ክሮቹ ራሳቸው የቅኝቱ ድምፆች ናቸውና ጀማሪ ልጅ ቶሎ ዜማ ያወጣበታል። ኪቦርድ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ሞክሩ። ልጁ ሦስት ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ጥቁር ቁልፎች ከመጀመሪያው ተነስቶ ጥቁሮቹን ብቻ አምስቱን በተራ ይንካ። የሚወጣው የትዝታ ሜጀር ቅኝት ነው። በነጩ ላይ ከሄደ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ማለት ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሰማቸው ብዙ መዝሙሮች እዚያ ውስጥ አሉና እየፈለገ ያግኛቸው። ራሱ ፈልጎ ያገኘውን ዜማ ማንም «ተለማመድ» ሳይለው ይጫወተዋል።

ጊታር ለገዛችሁ ሁለት ነገር ልበል። የብረት ክር የልጅን ጣት ጫፍ ያሳምማል፤ የናይለን ክር ይለዝባል። ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጣት ጫፍ መቆርቆሩ አይቀርምና አስቀድማችሁ ንገሩት። ለስምንት ዓመት ልጅ የአዋቂ ጊታር ከሰጣችሁት ደግሞ እጁ አይደርስም፤ ለልጆች ተብለው አነስ ያሉ ጊታሮች ይሠራሉ። ከጣት ጫፍ አልፎ የእጅ አንጓ ወይም ትከሻ የሚያም ከሆነ ግን ልምምዱን አስቁሙና አያያዙን አስተማሪው ይየው።

ስለ ሁለቱ ቁልፎች

ኪቦርድ ላይ ራሱ የሚመታ ሪትም አለ። አንድ ጣት ስትነኩ ድራሙም ቤዙም አብሮ ይመጣል። ልጆች ይወዱታል፤ ወላጅም እንግዳ ሲመጣ ይኮራበታል። ነገር ግን ያ ሪትም የልጁን ስሕተት ይሸፍናል፤ የግራ እጁንም ሥራ አልባ ያደርገዋል። በልምምድ ሰዓት ይጥፋ፤ ሲጨርስ ለአምስት ደቂቃ ይደሰትበት።

ሁለተኛው «ትራንስፖዝ» የሚባለው ነው። ተጫዋቹ ያንኑ ቁልፍ እየነካ ድምፁ ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል ያደርጋል። በየጉባኤው አንድ ኮርድ መሥመር ብቻ አጥንተው የቀረውን በዚህ ቁልፍ የሚያልፉ አገልጋዮች መኖራቸውን የማያውቅ የለም። ለችግር ጊዜ ይሁን፤ ልጅ ግን በእርሱ መጀመር የለበትም። ከሲ ቀጥሎ ጂን፣ ከዚያም ኤፍን ቀስ በቀስ ይማር።

በቃላችን የምናፈርሰው

ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ «ጎበዝ ነህ፣ ብልህ ነህ» ተብለው የተመሰገኑ ልጆች ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው ቶሎ ተስፋ ሲቆርጡ ታይተዋል። ስለ ጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ቀጥለዋል። በእኛ መካከል ደግሞ ከ«ጎበዝ» የከበደ ቃል አለ፤ «ይህ ልጅ ቅባት አለው» እንላለን። ለስምንት ዓመት ልጅ ይህ ከባድ ሸክም ነው። ነገ ሲሳሳት ቅባቱ የሄደ ይመስለዋል። ይልቅ ያያችሁትን ንገሩት፤ «ያቺን የምታስቸግርህን ቦታ ዛሬ አምስት ጊዜ ደጋገምካት፤ ትናንት እንዲህ አልነበረችም።»

የእግዚአብሔርንም ስም ጅራፍ አታድርጉት። «ለጌታ እኮ ነው፣ ለጌታ ሰነፍክ?» ሲባል ያደገ ልጅ መሣሪያውን ብቻ አይደለም የሚሸሸው። ልምምድም ቅጣት አይሁን፤ «ስላጠፋህ ሂድና ተለማመድ» የተባለ ልጅ ከዚያ ወዲያ ኪቦርዱን እንደ እስር ቤት ነው የሚያየው።

ባልና ሚስት ሆይ፣ አንዳችሁ ጥብቅ አንዳችሁ ለስላሳ ከሆናችሁ ልጁ በመካከላችሁ ያለውን ቀዳዳ በሳምንት ውስጥ ያገኘዋል። መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት፣ ከተገዛም ዛሬ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተነጋገሩ። ማን በየትኛው ቀን አጠገቡ ይቀመጣል? እናት ብቻ ከሆነች ትደክማለች፤ አባት ሰኞና ረቡዕን ይውሰድ። ለስንት ጊዜስ ይቀጥላል? አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ይሁንና ለልጁም አስቀድሞ ይነገረው። በመካከል «አልፈልግም» ሲል ክርክር አያስፈልግም፤ «እስከ ሰኔ ነው የተስማማነው» ይበቃል። ልጁ ባለበት ግን ስለዚህ ጉዳይ አትጨቃጨቁ።

አንድ ተስፋ የሚያደርገው ነገርም ይኑረው። መድረክ ለማውጣት አትቸኩሉ፤ ሦስት መዝሙር ይዞ በየሳምንቱ መድረክ ላይ የሚቀመጥ ልጅ አራተኛውን አይማርም። ከመድረክ በፊት የቤተሰብ ጸሎት አለ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ልጁ በደንብ የጨረሳትን አንዲት መዝሙር ይጫወትና ቤተሰቡ አብሮ ይዘምር። ፍጥነቱን የሚወስነው እርሱ ነው። ቀስ ካለ ሁላችሁም ቀስ በሉ፤ ቢቆም ቁሙ፤ ሲቀጥል ቀጥሉ። አያትም ቢሆኑ ይጠብቁት።

ሰኔ ደርሶ፣ ይህን ሁሉ አድርጋችሁ፣ ልጁ አሁንም «ይበቃኛል» ካለስ? ስሙት። ምናልባት መሣሪያው አልሆነለትም፤ ከኪቦርድ ወደ ዋሽንት ወይም ወደ ድራም ቢዛወር ሌላ ልጅ ሊሆን ይችላል። ምናልባት የሚቆጣው አስተማሪው ነው፤ ይህን ከልጁ ሌላ ማንም አይነግራችሁም። ሁሉም ተጠይቆ ልቡ ወደ ሌላ ነገር ከሄደ ግን መሣሪያውን ቁም ሳጥን ላይ አታውጡት። በአጥቢያችሁ መሣሪያ የሚመኝ፣ ወላጆቹ መግዛት ያልቻሉ ልጅ አይጠፋም። አውሱት ወይም ስጡት። ልጃችሁ ራሱ ይዞት ይሂድና ያስረክብ፤ ከማስረከቡም በፊት ተቀምጦ፣ ሲማር ከቆየባቸው መዝሙሮች አንዱን ለዚያ ልጅ ይጫወትለት።